«ቅጽረ ደን» ወይስ «የእንጨት ባንክ»?

ስለ እንግሊዝ አገር ጥንታዊ ደኖች በሚተረጎሙ ጽሑፎች ውስጥ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «የእንጨት ባንክ» የሚል ስያሜ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ አንባቢው ግንድና ጣውላ በአደራ የሚቀመጥበት፣ ወለዱም በማገዶ የሚከፈልበት ቤት ቢመስለው አይፈረድበትም። እንግሊዞች የገንዘቡን ቤትም፣ የወንዙን ዳርም፣ የአፈሩንም ቁልል በአንድ ድምፅ «ባንክ» ስለሚሉ ተርጓሚው አስቀድሞ የለመደውን ይዞ ሄደ እንጂ፣ «ዉድባንክ» የተባለውስ በመካከለኛው ዘመን በደን ዙሪያ ከውጭ ጉድባ ተቆፍሮ፣ አፈሩ በደኑ በኩል የተቆለለበት ወሰን ነው።

በዚያ ዘመን ዛፉ በየጥቂት ዓመቱ ከምድር አጠገብ እየተቆረጠ፣ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጥ ነበርና፣ ለጋውን ቀንበጥ ከብት እንዳይግጠው፣ ጎረቤትም ወሰን እንዳይገፋ፣ ቁልሉና ጉድባው ባንድነት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሜትር ስፋት ይዘው ይሠሩ ነበር። በካምብሪጅሻየር የሚገኘው የሄይሊ ደን፣ የኢሊ ጳጳስ ርስት ሳለ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1251 በተጻፈው መዝገብ 80 ኤክር ተብሎ ሰፍሯል፤ ኦሊቨር ራካም የተባለው ሊቅም በ1975 ስለዚሁ ደን መጽሐፍ አሳትሟል።

ወደ ቃሉ እንመለስ። «ካብ» እንዳንለው ካብ ድንጋይን ይሻል፤ «እርከን» እንዳንለው እርከን የተዳፋት መሬት ነው፤ «አጥር» ደግሞ፣ ምንም እንኳ የግእዙ «ሐጹር» ልጅ ቢሆን፣ ዛሬ ለጆሯችን እሾህና ቆርቆሮ ሆኗል። ቀረን «ቀጸረ»፣ ማለት ዙሪያውን ከለለ፤ ከዚህም «ቅጽር» ይወጣል፣ አማርኛም ጸን በጠ ለውጦ «ቅጥር» ይለዋል። ነገር ግን «የደን ቅጥር» ብንል የደን ጠባቂ ሊቀጠር ማስታወቂያ የወጣ ይመስላልና፣ ጸን እንደ ጥንቱ ጠብቀን «ቅጽረ ደን» ብንል ይሻላል እላለሁ። የቤተ ክርስቲያንን ቅጽር የሚያውቅ ሁሉ፣ በውስጡ ያለው የተጠበቀ፣ በውጭ ያለውም የተከለከለ መሆኑን ያለ አስተማሪ ይረዳል። «ደን» ግእዝ ስላልሆነ ዘርፉ አይገጥምም የሚል ሊቅ ቢነሣ፣ «ቤተ ሙከራ» የሚለውን ማን ከለከለው? ጉድባው በስሙ ውስጥ አልገባም የሚልም ቢኖር፣ ባለቤቶቹም የሰየሙት ቁልሉን ብቻ ነው።

መሳፍንቱ ለአደን አጋዘን ባጠሩበት ግቢ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፤ አውሬው ዘልሎ እንዳይወጣ ጉድባው ከውስጥ ይሆንና፣ ቁልሉ ወደ ውጭ ተዛውሮ በላዩ የእንጨት አጥር ይተከልበታል። እርሱንም «ቅጽረ አጋዘን» ብንለው፣ ሌላ ቃል ፍለጋ መውጣት አያሻንም።