ተጠየቅ በእንግሊዝ ምክር ቤት

ከታሪክ ክበብ አባሎች

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሁለት ባላጋራዎች ለሙግት ዳኛ ፊት በቆሙ ጊዜ፣ ጠያቂው «ተጠየቅ!» ይላል፤ ተጠያቂውም «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ድኻ፣ ተጠያቂው ባለጠጋ ቢሆንም ሥርዓቱ አንድ ነው። የነገሩ ቁም ነገር የጠያቂው ኃይለኛነት አይደለም፤ የተጠየቀ ሁሉ ቆሞ መመለስ የሚገባው መሆኑ ነው።

የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ይህን የሚመስል ሥርዓት በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደ ሠራ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። ሩቅ አገር ሄደን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥያቄው ስለ እኛው አገር ነበረና። ዓመታቱን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በእንግሊዝ ፓርላማ ለመንግሥት ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ በመዝገብ የታወቀው የመጀመሪያው በ1713 ዓ.ም. በሎርዶች ምክር ቤት የቀረበው ነው። በዚያን ጊዜ የደቡብ ባሕር ኩባንያ የተባለው የንግድ ማኅበር ወድቆ፣ ብዙ ሰው ሀብቱን አጥቶ ነበር። የኩባንያው ዋና ገንዘብ ያዥም ከአገር ኰበለለ። ሎርድ ካውፐር የተባሉት መኰንን ተነሥተው፣ ሰውዬው ብራስልስ ላይ ተይዟል የሚባለው ወሬ እውነት እንደ ሆነ መንግሥትን ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ እየጸና ሄዶ፣ ሚኒስትሮች ለጥያቄ መልስ የሚሰጡበት የተወሰነ ጊዜ ተመደበ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስመዘግባል። ሚኒስትሩም ከጸሐፊዎቹ ጋር መክሮ፣ ቃሉን አዘጋጅቶ ይመጣል። ነገር ግን መልሱን ካነበበ በኋላ ጠያቂው ሁለተኛ ጊዜ ተነሥቶ፣ አስቀድሞ ያልተጻፈ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የተዘጋጀው ወረቀት ብቻውን አያድንም። ጥያቄውም መልሱም በምክር ቤቱ መዝገብ ታትሞ ለሕዝብ ይወጣል።

በዚህ መሣሪያ አጥብቀው ከተጠቀሙት አንዷ ሚስ ኤሊኖር ራትቦን ናቸው። በ1864 ዓ.ም. ተወልደው በኦክስፎርድ ተማሩ። በ1921 ዓ.ም. ለምክር ቤት ተመረጡ፤ ይህም የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች ጋር በእኩልነት ድምፅ የሰጡበት የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ነው። የመረጧቸውም የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ምሩቃን የራሳቸው እንደራሴዎች ነበሯቸውና። ሚስ ራትቦን የማንም ፓርቲ አባል አልነበሩም። ሥልጣን የላቸው፣ ከኋላቸው የሚቆም ጭፍራ የላቸው፤ የነበራቸው በወረቀት የተሞላ ከባድ ቦርሳና የመጠየቅ መብት ነው።

ፋሺስት ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ ሚስ ራትቦን፣ የሊበራል ፓርቲው ሚስተር ጄፍሪ ማንደርና ሌሎችም እንደራሴዎች መንግሥታቸውን አጥብቀው ያዙት። የኢጣልያ ወታደርና መሣሪያ የሚያልፍበት የስዊዝ ካናል ስለ ምን አይዘጋም? የንግድ ማዕቀብ ሲጣል ነዳጅ ዘይት ስለ ምን ተተወ? ሲሉ ተከራከሩ። ስለ ካናሉ የተሰጠው መልስ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በጦርነትም በሰላምም ጊዜ ለሁሉ ክፍት ይሁን ይላል የሚል ነበር። ወረቀቱ እውነት ነው፤ የመርዝ ጋዝ ለሚወርድበት የኢትዮጵያ ገበሬ ግን መልስ አልነበረም።

በዚሁ ዓመት በኅዳር መጨረሻ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ከላቫል ጋር ሆነው የአገራችንን ሰፊ ክፍል ለኢጣልያ ለመስጠት በምስጢር ያሰናዱት ዕቅድ በፓሪስ ጋዜጦች ተገለጠ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፤ ለእንደራሴዎቹም ደብዳቤ ጐረፈላቸው። ሚኒስትሩም በታኅሣሥ ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ይህ የሕዝብና የምክር ቤት ድል ነው። ዳሩ ግን ድሉ አልቈየም። በሰኔ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሚስተር ኢደን ማዕቀቡ እንዲነሣ መንግሥት መወሰኑን ለምክር ቤቱ ነገሩ።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ በለንደን በተሰማ ጊዜም፣ እንደራሴዎች የእንግሊዝ ቆንስል ከስፍራው የላከው ሪፖርት እንዲታተም ጠየቁ። መንግሥት ግን ከኢጣልያ ጋር መቀያየምን ፈርቶ ሪፖርቱን ሳያወጣው ቀረ። በኅዳር 1931 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ገዥ መሆኗን በሕግ ዐወቀላት። በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ በክበባችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። እኵሌቶቻችን «ይህ ሁሉ ጥያቄ አንድ አውሮፕላን እንኳ አላቆመም፤ ታዲያ ጥቅሙ ምንድር ነው?» አልን። እኵሌቶቻችን ደግሞ «መልስ ሳይሰጥ መቅረቱ ራሱ መልስ ነው» ብለን ተከራከርን። ከብዙ ንግግር በኋላ በዚህ ተስማማን፤ ጥያቄው ጦርነቱን አላቆመም፤ ነገር ግን «አላወቅንም ነበር» የሚለውን ማመካኛ ዘጋ። ሚኒስትሮቹ የተጠየቁት ከነዕለቱ፣ የመለሱትም ከነቃሉ ተጽፎ ይገኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው፣ ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ማን ትክክል እንደ ነበረ ለሁሉም ታየ።

ወደ አገራችንም እንመለስ። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በለንደን በሚጠየቅበት ዓመት፣ ፋሺስቶች ወደ አዚናራ ደሴት ካጋዟቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙ ነበር። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ተመርጠው ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የበቁ የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲጠራቸው ሚኒስትሮች ቀርበው ስለሚወጣው ሕግ ለሚነሣው ጥያቄ እንዲመልሱ ያዝዝ ነበር። ያ ምክር ቤት በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘጋ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 55፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችንም የፌዴራል ባለሥልጣኖች ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል።

ሕግ መጻፉ መልካም ነው፤ የተጻፈውን ሕግ ሕያው የሚያደርገው ግን አጥንቶ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሚስ ራትቦን ያን ከባድ ቦርሳ ይዘው የሚዞሩት ለጌጥ አልነበረም፤ ሳያነቡ የሚጠይቁትን ጥያቄ ሚኒስትር በቀላሉ ያመልጠዋልና። እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች፣ በክፍል ውስጥ እጃችንን አንሥተን ስንጠይቅ አንፈር። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም በጥያቄያችን አትሰልቹ። ዛሬ «ለምን?» ማለትን ያልለመደ ተማሪ፣ ነገ በሸንጎ መካከል ቆሞ «ተጠየቅ!» ለማለት አንደበቱ አይፈታለትምና።