ከወህኒ ቤት የወጣው መሮጫ

ትሬድሚልን የሠራው የወፍጮ ቤት ልጅ ነው፤ የሠራውም ለቅጣት ነው። ዊልያም ኪዩቢት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። አባቱ እህል እየፈጩ ያሳደጉት ሰው፣ በ1807 ነፋሱ ሲበረታና ሲደክም ራሱን የሚያስተካክል የነፋስ ወፍጮ ክንፍ ፈልስፎ በስሙ አስመዘገበ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1818 ደግሞ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሪ ሴንት ኤድመንድስ በምትባል ከተማ፣ ወህኒ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትተው የሚውሉ እስረኞች ነገር ቀረበለት። ኪዩቢትም ከሚያውቀው ሙያ መፍትሔ አወጣ። ውሃ ወይም ነፋስ የሚያዞረውን መንኮራኩር ሰው በእግሩ እየረገጠ እንዲያዞረው አደረገ።

መንኮራኩሩ እንደ ረጅም በርሜል አግድም የተኛ ሲሆን ዙሪያውን ደረጃ ተመትቶለታል። እስረኞች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ከፊታቸው ያለውን እንጨት ጨብጠው ደረጃውን ይወጣሉ፤ ደረጃው ግን ከእግራቸው ሥር ይወርዳል። ሲወጡ ይውላሉ፣ የትም አይደርሱም። በ1821 የለንደኑ ብሪክስተን ወህኒ ቤት ሲያስተክለው ዝናው ናኘ፤ በዓመቱ ኒውዮርክም ወሰደችው። ብሪክስተን ውስጥ የእስረኞቹ ርግጫ እህል ይፈጭ ነበር። በሌሎች ብዙ ወህኒ ቤቶች ግን ከመንኮራኩሩ ጋር የተያያዘ የወፍጮ ድንጋይ አልነበረም፤ እስረኞቹ ላባቸውን የሚያፈሱት ለምንም ነው። ሥራቸውንም «ነፋስ መፍጨት» ይሉት ነበር። ቆይቶም እንዳይነጋገሩ በየመካከላቸው ግድግዳ ቆመ። በ1865 የወጣው የእንግሊዝ የወህኒ ቤቶች ሕግ ይህን ሥራ ከአንደኛ ደረጃ ከባድ የጉልበት ቅጣቶች መደበው። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ፔንቶንቪል ሲገባ ይህንኑ ደረጃ ወጥቷል። በመጨረሻ ያስቀረው በ1898 የወጣ ሕግ ነው።

ይህን ታሪክ የምከታተለው ጉዳዩ ስለሚመለከተኝ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሺፍት የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከዱሉት ከተማ በላይ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ለሚደረገው የግራንድማስ ማራቶን እዘጋጃለሁ። ውድድሩ የሚደረገው በሰኔ ነው፤ ዝግጅቱ ግን የሚጀመረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርድበት፣ የእግረኛ መንገዱ መስታወት በሚሆንበት ወቅት ነው። ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ የምሮጠው በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያዎቹ ጎን በቆመው ትሬድሚል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው እማዬ በስልክ ስትሰማ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ሮጠሽ ሮጠሽ እዚያው ነሽ?» አለችኝ። የእስረኞቹም ጥያቄ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ያኔ በፍርድ የሚረገጠውን ነገር ዛሬ ሰው ወዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚረግጠው ለምንድን ነው?

ማሽኑን ከወህኒ ቤት አውጥቶ ለሩጫ ያበቃው ሳይንስ ነው። በ1889 በርሊን በሚገኘው የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ቤት ናታን ሱንትስ የተባለ ፊዚዮሎጂስት ፈረስም ሰውም የሚሄድበት ትሬድሚል አሠራ። ይኸኛው መንኮራኩር ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ወለል ነው። ሱንትስ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ የሚሠራ አካል ምን ያህል አየር እንደሚፈጅ መለካት። መንገድ ላይ የሚሮጥን ሰው ትንፋሽ መለካት አስቸጋሪ ነው፤ እዚያው የሚሮጠውን ግን መሣሪያ አጠገቡ አቁሞ መለካት ይቻላል። ለእማዬ እንከን የመሰላት፣ እዚያው መቅረቱ፣ ለሳይንቲስቶቹ ዋናው ጥቅም ሆነ።

ማራቶንና ትሬድሚል የተገናኙት ደግሞ ቦስተን ውስጥ ነው። በ1927 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ የድካም ምርምር ላቦራቶሪ ከፈተ። ከተመረመሩት አንዱ ክላረንስ ዲማር ነበር። ዲማር በማተሚያ ቤት ሙያ የሚተዳደር፣ ከ1911 እስከ 1930 የቦስተንን ማራቶን ሰባት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ሐኪም ልቡን አዳምጦ ሩጫ እንዲተው መክሮት ነበር። በትሬድሚሉ ላይ ሲሮጥ ግን በደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ላክቲክ አሲድ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ1958 በካንሰር ሲሞት አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች፣ ልቡን የሚመግቡት የደም ሥሮች ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ የሰፉ መሆናቸውን ጽፈዋል። የረጅም ርቀት ሯጭ ከሌላው ሰው በምን እንደሚለይ በቁጥር መታየት የጀመረው እንዲህ ባለ ምድር ቤት ነው።

በ1952 ሲያትል ላይ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የልብ ሐኪሙ ሮበርት ብሩስና መሣሪያ ሠሪው ዌይን ኩዊንተን ትሬድሚሉን ለሕመምተኛ አመቻቹት። ብሩስ ያወጣው ምርመራ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር በሚሆን እርምጃ፣ በ10 በመቶ ዳገት ይጀምራል፤ በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። እኔ በምሠራበት አካባቢ ሐኪሞች ዛሬም ስሙን ይጠሩታል።

ትሬድሚልን ወደ ቤት ያስገባው ግን የኒው ጀርዚው መካኒካል መሐንዲስ ዊልያም ስታብ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔዝ ኩፐር በ1968 «ኤሮቢክስ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ስታብ አነበበው። 1.6 ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን የሚሮጥ ሰው ጥሩ ብቃት እንዳለው ሲረዳ፣ ለተራው ሰው ቤት የሚሆን ርካሽ ማሽን አለመኖሩ ከነከነው። ከሮለርና ከብርቱካንማ ቺንጊያ «ፔስማስተር 600» የሚባለውን ሠራና ለኩፐር ላከለት። ስታብ በ2012 በ96 ዓመቱ እስኪሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ድረስ ራሱም ይረግጠው እንደነበር ቤተሰቡ ተናግሯል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ልቤን የሚነካው ነው፤ ምክንያቱም በትሬድሚል ለማራቶን መዘጋጀትን ያስከበሩት መንገድ ያጡ ሴቶች ናቸው። ኖርዌያዊቷ ኢንግሪድ ክሪስቲያንሰን በመጀመሪያ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ነበረች። በ1983 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ውጤቷ ሲወርድባት ግራ ገባት፤ ኋላ ላይ ነፍሰ ጡር መሆኗ ታወቀ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የሂውስተን ማራቶንን አሸነፈች። በኖርዌይ ክረምት መንገዱ በረዶ ሲሆን ከልምምዷ ትልቁን ድርሻ የምትሠራው በትሬድሚል ላይ ነበር። በ1985 ለንደን ላይ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገባች፤ ክብረ ወሰኑም 13 ዓመት ቆየ።

ሁለተኛዋ ክሪስቲን ክላርክ ናት። አላስካ ውስጥ፣ አንከሬጅ የምትኖር የፓቶሎጂ ሐኪምና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። የክረምቱን ሩጫ በአብዛኛው የምትሮጠው ቤቷ ውስጥ ነው። በየካቲት 2000 የአሜሪካ ሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን ማጣሪያ በደቡብ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ላይ ሲካሄድ ቀኑ ሞቃት ሆነ። ከበረዶ አገር የመጣችው፣ ማንም ያልጠበቃት ሴት በ2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ አንደኛ ወጣች። ሙቀት የለመደ ሰውነት ከአላስካ መጣ ቢባል ይገርማል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ነፋስ ሳይነካው ለሰዓታት የሚሮጥ ሰው ግን ሙቀት መልመዱ አይቀርም። አሜሪካ ለሲድኒ ኦሊምፒክ የላከችው የሴቶች ማራቶን ሯጭ እሷን ብቻ ነበር፤ ሰዓቷን አሻሽላ 19ኛ ወጣች። በሳምንቱ የአርሲ ኢተያው ገዛኸኝ አበራ በዚያችው ሲድኒ የወንዶቹን ማራቶን አሸንፎ ወርቅ አጠለቀ።

አገር ቤት የረጅም ሩጫ ጥበብ መሬት መምረጥ ነው። አሠልጣኞቻችን አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ፣ አንድ ቀን ሱሉልታ ሜዳ፣ ሌላ ቀን ሰንዳፋ አስፋልት እያሉ እግሩ ኮሮኮንቹንም ለስላሳውንም እንዲያውቅ ያደርጋሉ። ምርጫው ላለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ክሪስቲያንሰንና ክላርክ ግን ምርጫቸው በረዶ ወይም ምድር ቤት ነበር። ለእኔም ያው ነው።

ማሽኑ የሚነሳን ነገር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ውጭ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ነፋስ ባይኖርም እንኳ በዚያው ፍጥነት አየር ይነካዋል፤ ላቡንም ያደርቅለታል። ምድር ቤት ውስጥ ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል እንጂ አያቀዘቅዝም። አየሩን መግፋት ስለሌለም ሩጫው ይቀላል። በ1996 አንድሩ ጆንስና ጆናታን ዶውስት ያሳተሙት ጥናት ዳገቱን 1 በመቶ ማድረግ ይህን ልዩነት እንደሚያካክስ አሳየ፤ ዛሬ በየጂሙ የሚሰማው ምክር ምንጩ ይህ ነው። ጥናቱ የተደረገው በፈጣን ሩጫ ስለሆነ ለቀስተኛው ያን ያህል አያስፈልገውም። ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ተራው ትሬድሚል ወደ ታች አይዘነብልም፤ የጭን የፊት ጡንቻ ደግሞ ቁልቁለትን የሚለምደው ቁልቁለት ወርዶ ብቻ ነው። እኔ ለዚህ ብዬ በመሥሪያ ቤቴ አጠገብ ያለውን ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ እጠቀማለሁ። ሺፍት ስጨርስ ላዩ ላይ እወጣና በመኪና መውረጃው እየሮጥኩ እወርዳለሁ። የሕንፃችን ማሽን በየሰዓቱ ራሱን ስለሚያጠፋ የሮጥኩትን ኪሎ ሜትር በሥራ ቦታ ቁስል በምናሽግበት ፕላስተር ላይ ጽፌ እጀታው ላይ እለጥፋለሁ።

እንግዲህ ለእማዬ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። ኪዩቢት የሠራውን መንኮራኩር ቅጣት ያደረገው እዚያው መርገጡ አይደለም። እስረኛው መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያርፍና ለምን እንደሚረግጥ የሚወስነው ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። ዲማር ልቡን ለማወቅ፣ ክሪስቲያንሰን የኖርዌይን በረዶ ለማሸነፍ፣ ክላርክ ለሲድኒ ስትል ሲረግጡት ያው እንቅስቃሴ ሌላ ነገር ሆነ። ስለዚህ በብርድ አገር የምትኖሩ፣ በሌሊት ሥራና በልጅ መካከል ለማራቶን የምትዘጋጁ እህቶቼ፣ ማሽኑ ላይ የሚሮጥ እውነተኛ ሯጭ አይደለም የሚላችሁን አትስሙ። ቬንትሌተር አጠገባችሁ አቁሙ፣ ውሃ አዘጋጁ፣ ፈጥናችሁ ስትሮጡ ዳገቱን 1 በመቶ አድርጉ፤ በረዶው ሲቀልጥም ሳትዘገዩ ወጥታችሁ ቁልቁለት ፈልጉ።