ከጅቡቲ ወደብ የተነሳው ባቡር

ስለ ምድር ባቡር ታሪክ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው የአዲስ አበባውን ጣቢያ፣ ለገሃርን ነው። ሐዲዱ መነጠፍ የጀመረው ግን ከዚያኛው ጫፍ፣ ከጅቡቲ ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ 20 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። የጅቡቲን ጣቢያ የሌላ አገር ጉዳይ አድርጎ ማለፍ የራሳችንን ታሪክ ከመሐል መጀመር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ጅቡቲ ያኔ ፈረንሳዮች ኦቦክን ትተው የከተሙባት፣ ገና አሥር ዓመት ያልሞላት ከተማ ነበረች። ወደቡና ጣቢያው አብረው አሳደጓት፤ ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ የነበረው ንግድም ወደ እሷ ዞረ።

ሐዲዱ ጠባብ ነበር፤ ስፋቱ አንድ ሜትር። እንጨቱን ምስጥ ስለሚጨርሰው ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው ሁሉ ብረት ሆነ፤ ያም በመርከብ መጥቶ ጅቡቲ ላይ ይራገፍ ነበር። ከባሕሩ ጠርዝ እስከ ሆልሆል ድልድይ ያለው አገር ውሃ የሌለበት ድንጋያማ ምድር ነው። በግመል ቅፍለት የሚተዳደሩት የኢሳ ጎሳ ሰዎችም ባቡሩ እንጀራቸውን እንደሚነጥቃቸው ስለገባቸው ሠራተኞቹን ደጋግመው ወጉ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰና እዚያው ለዓመታት ቆመ። የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ እጁን ማስገባቱን ምኒልክ ሲሰሙ ተቆጡ። ቁጣቸውም ተገቢ ነበር፤ የአገራቸውን መንገድ የውጭ መንግሥት ሊያዝበት ነበርና። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተካ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን ከባሕር የሚያገናኛት ዋናው በር የጅቡቲ ጣቢያ ሆነ። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ከአውሮፓ የመጡት እንግዶች ከመርከብ ወርደው የተሳፈሩት እዚህ ነው።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚያው ሐዲድ ወረዱ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ከነቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ ተነሱ። ጅቡቲ ደርሰው ሚያዝያ 26 ኤንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ፤ በማግስቱ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ስለዚያ ስደት ሲጻፍ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉት ንግግር ሁልጊዜ ይነሳል። የጅቡቲ ጣቢያ ግን እምብዛም አይጠቀስም፤ እኔን ይህ ይቆጨኛል። አንድ መንግሥት አገሩን ለቆ የባሕሩን መንገድ የጀመረው እዚያ ነውና።

ከ1945 ዓ.ም. በኋላ የአሰብ ወደብ ብዙውን ጭነት ወሰደ። በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት ሰሞን ደግሞ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮችን አፈረሰ። መስመሩ ተጠግኖ በኢትዮጵያና በጅቡቲ የጋራ ድርጅት ቢቀጥልም እያረጀ ሄዶ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ መንገደኛውን የሚያወርደው ከከተማው ውጪ፣ ናጋድ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ላይ የድሮው ጋራዥና ባቡሮቹ ዛሬም ይጎበኛሉ። የጅቡቲውንም ጣቢያ ሁለቱ መንግሥታት ተነጋግረው በቅርስነት ሊይዙት ይገባል፤ ድርጅቱ የጋራቸው ነበርና።