ከመጎተት መያዝ ይከብዳል

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ እነ ቫልድማየር ጋፋት ላይ የሠሩላቸውን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገ ለወራት ተጓዘ። የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ወርዶ ወጣ። መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ስናወራ የምናደንቀው ዳገቱን ነው። ቁልቁለቱ ግን ይብሳል። ዳገት ላይ ጉልበት ቢያንስ ጭነቱ ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚይዝ ከሌለ የሚጎትተውን ይደፈጥጣል።

ከቡሬ ወደ ነቀምት ሲኬድም፣ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮንም ዓባይ በረሃ አለ። እኛ ግን ዛሬም የተበላሸ መኪና በገመድ አስረን "ቀስ ብለን እንደርሳለን" እንላለን። ገመድ ይስባል እንጂ አይዝም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል። የብረት ዘንግ ርቀት ይጠብቃል፤ ፍሬን ግን አይሆንም። የጭነት መኪና ተሳቢ እንኳ የራሱ ፍሬን አለው። አሜሪካ ውስጥ ከቤት መኪናቸው ኋላ ትንሽ አውቶሞቢል አስረው የሚዞሩ ሰዎችም፣ በብዙ ግዛቶች ለተጎታቿ ለብቻዋ ፍሬን እንዲገጥሙ ሕግ ያስገድዳቸዋል።

ስለዚህ ገደል ከፊት ካለ መኪናው ይጫን፤ ካልሆነም ባለበት ይደር። ገመዱ የሚቆጥበው ገንዘብ፣ ከኋላ መሪ ይዞ የተቀመጠውን ሰው ሕይወት አይተካም።