የመምህሩ ሁለት ጥያቄዎች

«መምህር ሻማ ነው» ይባላል፤ ለሌላው እያበራ ራሱ ይቀልጣል ለማለት ነው። ምስጋናው ያምራል። ሻማው «አለቅሁ እኮ!» ያለ ዕለት ግን ምስጋናው ይቀርና «ለገንዘብ ነው እንዴ የምታስተምሩት?» ይመጣል።

እስቲ ወደ 1966 ዓ.ም. መለስ እንበል። በዚያን ጊዜ መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ዕቅድ ይዞ ነበር። የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ይዳረስ ይላል፤ ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ወላጁ ግን የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው ብሎ ሰጋ። መምህሩም ይህንኑ ተቃወመ፤ በዚያ ላይ የቆየ የደመወዝ ብሶት ነበረበት።

የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የቤንዚን ዋጋ ያማረራቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም አድማ መቱ። በቀናት ውስጥ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፤ የትምህርት ዕቅዱንም አቆየው። ማዕበሉ ግን አልቆመም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ልብ በሉ፤ መምህሩ ያኔ ስለ ኪሱም፣ ስለ ድሃው ልጅም በአንድ አፍ ነው የጠየቀው። ዛሬም ደመወዝ ሲነሣ «ስለ ተማሪው ማን ያስብ?» የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፦ ከክፍል ወጥቶ የቤት ኪራይ ለመሙላት ሰው ቤት ሊያስጠና የሚሮጥ መምህር፣ የልጆቻችንን ደብተር መቼ ይረም?