ጃንጂራ፦ በሌሎች ብዕር የተጻፈ የሐበሻ ታሪክ

«ሐበሻ» የሚለው ስም ማንን እንደሚያጠቃልልና ማንን እንደሚተው በአገራችን ብዙ አከራክሯል። ክርክሩ ግን በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ወዲህ ተወስኖ የቆየ ነው። ስሙ ባሕር ተሻግሮ በሌላ ሕዝብ አፍ ምን ትርጉም እንደ ያዘ ስንጠይቅ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። ይህ አጭር ጽሑፍ በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ሙሩድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ በሚገኘው የጃንጂራ ምሽግ ያደረግሁትን የአንድ ቀን ጉብኝት መነሻ በማድረግ ይህንኑ ለመመርመር ይሞክራል። ሌላ ካልተገለጠ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሩድ ከሙምባይ በስተደቡብ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በማለዳ የተነሣ ሰው በዕለቱ ደርሶ ይመለሳል። ወደ ምሽጉ የሚኬደው ራጅፑሪ ከምትባል መንደር በሸራ ጀልባ ነው። ከሩቅ ሲታይ በር የሌለው ጥቁር ግንብ ከባሕር የበቀለ ይመስላል። ዋናው በር የሚለየው ጀልባዋ ከቅጥሩ ሥር ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ነው። በበሩ አጠገብ ዝሆኖችን በጥፍሮቹ የጨበጠ አንበሳ መሰል አውሬ በድንጋይ ተቀርጿል። በውስጡ የዛጉ መድፎች፣ የፈራረሱ ቤቶችና መስጊድ ይታያሉ። እኔን ይበልጥ ያስደነቁኝ ግን በጨው ባሕር መካከል የሚጠጣ ውኃ የሚይዙት ሁለት ሰፋፊ ኩሬዎች ናቸው። ምሽጉ ረጅም ከበባዎችን የቻለው ከግንቡ ባልተናነሰ በዚህ ውኃ ይመስለኛል።

ስለ ምሽጉ አመጣጥ የሚነገረው ትውፊት ለሥነ ቃል ተማሪ እንግዳ አይሆንም። ደሴቲቱን በመጀመሪያ በእንጨት አጥር ያጠሯት ኮሊ የሚባሉት ዓሣ አጥማጆችና አለቃቸው ራም ፓቲል ነበሩ ይባላል። የአሕመድናጋር ሱልጣን ሹም የነበረው ፒራም ካን ነጋዴ መስሎ የወይን ጠጅ በርሜል ጭኖ ይመጣል፤ ባለቤቶቹን ያሰክራል፤ ከዚያም የደበቃቸውን ወታደሮች አውጥቶ ምሽጉን ይይዛል። በኃይል ያልተደፈረ ቅጥር በስጦታና በመጠጥ ሲደፈር በብዙ ሕዝቦች ተረት የሚገኝ ዘይቤ ነው። ስለዚህ ትውፊቱን እንደ ማስረጃ ሳይሆን፣ ኋላ የመጡት ሰዎች የአሸናፊውን ብልሃት በምን መልክ እንዳስታወሱት ማሳያ አድርጎ መውሰድ ይሻላል።

የተጻፈው ታሪክ የበለጠ ጽኑ ነው። ከአፍሪካ የመጡት ሲዲዎች ምሽጉን በ17ኛው መቶ ዘመን አጽንተው ያዙት። ማራታዎች በሺቫጂ ዘመን ደጋግመው ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም። ሺቫጂ በአቅራቢያው ባለች ሌላ ደሴት ፓድማዱርግ የተባለውን ምሽግ ቢሠራም ጃንጂራን አላስለቀቀም። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መንገድ ለማውጣት ቢጀምርም ከዳር አልደረሰም። በሙጋሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ጥላ ሥር የገባው ያቁት ካን በ1689 ቦምቤይን ከብቦ የእንግሊዝን ኩባንያ አስጨነቀ። የሲዲዎቹ ግዛት እስከ 1948 ቆይቶ ከሕንድ ጋር ተዋሐደ። ይህ ግዛት «ሐብሳን»፣ ማለትም የሐበሾች አገር፣ ተብሎም ይጠራ ነበር።

እዚህ ላይ ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። «ጃንጂራ» የዐረብኛው «ጀዚራ» ለውጥ ነው። ሥሩ መቁረጥን ያመለክታል፤ በግዕዝ «ገዘረ» የምንለው ዘመዱ ነው። ደሴት ከየብስ የተቆረጠ ምድር ነውና። «ያቁት» የከበረ ድንጋይ ስም ሲሆን በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ያክንት» ተብሎ ይገኛል። በደከን ምድር ታላቅ ስም ያተረፈውን የመሊክ አምባርን ስም የሰማ አማርኛ ተናጋሪ የእጅ አምባር ያስብ ይሆናል። እውነተኛው ዘመድ ግን «ዐንበሪ» የሚለው ቃል ነው፤ በዐረብኛ ዓሣ ዐንበሪንም ከእርሱ የሚገኘውን ሽቱም ያመለክታል። እንደ ዕንቁና እንደ ሽቱ ያሉ ስሞች በዚያ ዘመን ለባሪያ የሚሰጡ ስሞች ነበሩ። ስሙን ያወጣው እናት አባት ሳይሆን ገዢው ነው። ገዢ ደግሞ ለንብረቱ የሚያወጣው ስም የሚወደደውን ዕቃ ስም ነው።

መሊክ አምባር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወለደ። የቀድሞ ስሙ ቻፑ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። በሞካና በባግዳድ ገበያዎች አልፎ በደከን የገዛው የአሕመድናጋሩ ሚኒስትር ቼንጊዝ ካን ራሱም የቀድሞ የሐበሻ ባሪያ ነበር። ጌታው ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ፤ ጦር አደራጀ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ሙጋሎችን ተቋቋመ። ይህን ስናነብ «የእኛ ሰው» ብለን መኩራት ይቀናናል። ኩራቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ግማሽ ታሪክ ነው። የ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነቶች በየወገኑ ብዙ ምርኮኛ አፍርተዋል፤ ፍትሐ ነገሥቱም የሰውን ነፃነት ቢመሰክርም የጦር ምርኮኛንና ያላመነን ሰው ባሪያ ማድረግን ፈቅዷል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ወደ ባሕሩ ዳር የተነዱት በብዛት በአገራቸው ሳሉ ማንም ሐበሻ ብሎ ያልጠራቸው፣ ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች ነበሩ። ሐበሻ የሆኑት ከተሸጡ በኋላ ነው። በአገር ውስጥ ሌላውን ለመለየት ያገለገለው ስም፣ በሕንድ የተለየውን ሰው መጠሪያ ሆነ።

በምሽጉ የተመለከትኋቸው ጽሕፈቶች ፋርስኛ ናቸው። ስለ ሲዲዎቹ የጻፉትም የሙጋል ታሪክ ጸሐፊው ካፊ ካን፣ የማራታ ዜና ጸሐፊዎችና የእንግሊዝ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። ከተሸጡት አንዱ በትውልድ ቋንቋው የተወው መስመር በዚያ አላየሁም። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እነዚህን ጽሑፎች ሲያነብ ሁለት ነገር እንዲጠይቅ ያስፈልጋል፦ ጸሐፊው ስለ ሐበሻው ምን አለ? ሐበሻውስ ይህ ስም ከመሰጠቱ በፊት ማን ነበር? ሁለተኛው ጥያቄ በመዝገብ የሚመለሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ቻፑ ከሚለው አንድ ቃል የሚበልጥ አናገኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያን አንድ ቃል ከአምባር ስም ጎን አስቀምጦ ማንበብ፣ ድል አድራጊውንና የተሸጠውን ልጅ በአንድ ሰው ውስጥ ማየት ነው። ስለ ጃንጂራ በአማርኛ የሚጻፍ ታሪክም ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።