ከለንደን እስከ ፓሪስ፦ የሁለት ምዕተ ዓመት የጉዞ ንጽጽርና የተዘነጋው ዓምድ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣበት ጥያቄ ሲሰሙት ከታሪክ ተመራማሪ ይልቅ የጉዞ ወኪል ጥያቄ ይመስላል፦ ከለንደን ወደ ፓሪስ ለመሄድ የትኛው መጓጓዣ ይሻላል? ጥያቄውን ያስጀመረኝ የራሴ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለቤተ መዛግብት ሥራ ለንደን ሰንብተን ወደ ፓሪስ መሻገር ነበረብን። እርሱ አውሮፕላን መረጠ፤ እኔ ባቡር። ከአንድ ማደሪያ በአንድ ሰዓት ወጣን። የእርሱ በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አልበለጠም፤ የእኔ ባቡር ግን ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ፈጅቷል። ሆኖም እኔ ፓሪስ ደርሼ፣ ዕቃዬን አስቀምጬ፣ ሻይ ጠጥቼ ከጨረስሁ በኋላ ነው እርሱ ሻንጣውን እየጎተተ የገባው።

በዚህ ሰሌዳ ላይ የምታዩትን ሠንጠረዥ የሠራሁት ያን ዕለት ማታ ነበር። ሦስት ዓምዶች አሉት፦ ጊዜ፣ ዋጋ፣ ምቾት። መጓጓዣን የሚያነጻጽር ሰው ሁሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዚህ መስመር ታሪክ ብዙ ጊዜ ያሸነፈው እጅግ ፈጣኑ ተሽከርካሪ ሳይሆን የተጓዡን መቆራረጥ የቀነሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሠንጠረዡ አንድ ዓምድ ይጎድለዋል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከእንፋሎት ዘመን በፊት ከነበረው እንጀምር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ባሕር በጠባቡ ቦታ፣ ማለትም በዶቨርና በካሌ መካከል፣ ስፋቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰማዩ ሲጠራ አንዱ ዳርቻ ከሌላው ይታያል። ይሁን እንጂ በሸራ መርከብ ዘመን ይህ ጠባብ ውኃ የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል ነበር። ነፋሱ ከረዳ በጥቂት ሰዓታት ይታለፋል፤ ካልረዳ ግን ተጓዡ በወደቡ ማረፊያ ቤት ተቀምጦ የነፋሱን መዞር ይጠብቃል። በሁለቱም ወገን መንገዱ የሚታለፈው በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን «ከለንደን ፓሪስ ስንት ቀን ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው እርግጠኛ መልስ መስጠት አይቻልም ነበር። የእንፋሎት መርከብ በ1820ዎቹ በዚህ ሰርጥ ላይ ሥራ ሲጀምር ያመጣው ትልቁ ለውጥም ከፍጥነቱ ይልቅ እርግጠኝነቱ ነው፤ መርከብ የመነሻ ሰዓቷ በሰሌዳ ተጽፎ መውጣት ቻለ።

ቀጥሎ የመጣው የባቡር ሐዲድ ነው። ከለንደን የተነሣው ሐዲድ በ1844 ዶቨር ደረሰ፤ የፈረንሳዩ መስመር ደግሞ በ1848 ፓሪስን ከካሌ አገናኘ። ከዚያ በኋላ የቀናት ጉዞ የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ። ነገር ግን ባቡሩ የሚቆመው ባሕሩ ዳር ነው። ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ መርከብ ይሳፈራል፤ ከመርከብ ወርዶ በጉምሩክ በኩል ያልፍና እንደገና ባቡር ይሳፈራል። ሻንጣውም አብሮት ይወርዳል፤ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ያለው የመቶ ዓመት ታሪክ ይህን መውረድና መውጣት ለማስቀረት የተደረገ ሙከራ ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንዱ ሙከራ ባሕሩን ከላይ መዝለል ነበር። ነሐሴ 25 ቀን 1919 ከለንደን አቅራቢያ ከሃውንስሎ ተነሥቶ ፓሪስ አጠገብ ሌ ቡርዤ ያረፈ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን በሁለቱ ከተሞች መካከል መደበኛውን የዕለት በረራ ከፈተ። በዚያ በረራ የተሳፈረው መንገደኛ አንድ ጋዜጠኛ ብቻ ነበር፤ አብሮት የተጫነው ጋዜጣ፣ የታደኑ የዱር ወፎችና የወተት ክሬም ነው። ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። በፍጥነት ረገድ ውድድሩ በዚያው ቀን ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ ከካሌ ፓሪስ የሚሮጥ «ወርቃማ ቀስት» የተባለ የቅንጦት ባቡር ሥራ ጀመረ፤ በ1929 ደግሞ በእንግሊዝ በኩል አቻው ተጨመረለት፤ የራሱ መርከብም ተመደበለት። ጉዞው በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር፤ ከአውሮፕላኑ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ሆኖም አብዛኛው ተጓዥ ባቡሩንና መርከቡን አልተወም። አውሮፕላኑ ውድ ነበር፤ ጉም ሲወርድ ይቀራል፤ ሞተሩ ሲያስቸግር በየሜዳው ያርፋል። ልክ እንደ ሸራ መርከቡ፣ ፈጣን ነበር፣ እርግጠኛ ግን አልነበረም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በጥቅምት 1936 የተጀመረው የሌሊት ባቡር ነው። የመኝታ ፉርጎዎቹ ማታ ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ይነሡና ዶቨር ሲደርሱ ተሳፋሪው እንደተኛ መርከብ ውስጥ ይገባሉ። ሌሊቱን ባሕሩን አቋርጠው ደንከርክ ላይ ወደ ሐዲድ ይመለሳሉ፤ ጠዋት ጋር ዱ ኖር ይደርሳሉ። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በዶቨር ግን ባሕሩ በየዕለቱ ብዙ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል፤ የመርከቡ ሐዲድ ከየብሱ ሐዲድ ጋር እንዲገጥም ውኃው በበር ተዘግቶ፣ በፓምፕ ከፍታው የሚስተካከልበት ልዩ መትከያ መሥራት አስፈልጓል። የእንግሊዝ የባቡር ድልድዮችና ዋሻዎች ከአህጉሩ ጠበብ ስለሚሉም ፉርጎዎቹ በእንግሊዝ ልክ ተሠሩ። ጉዞው ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ፣ ከሁሉም ዘገምተኛው ነበር። ነገር ግን ተሳፋሪው አልጋውን ሳይለቅ ስለሚደርስ በራሱ ስሌት ያጠፋው ጊዜ ኢምንት ነው። ከጦርነቱ ዓመታት መቋረጥ በቀር አገልግሎቱ እስከ 1980 ዘለቀ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፕላኑ ረከሰ፤ ደኅንነቱም ተሻሻለ፤ መስመሩም በዓለም እጅግ ከተጨናነቁት ዓለም አቀፍ የአየር መስመሮች አንዱ ሆነ። ከ1968 ጀምሮ በአየር ትራስ የሚንሳፈፈው ሆቨርክራፍት ሰርጡን በ35 ደቂቃ ገደማ ያቋርጥ ጀመር፤ በ2000 ግን ከሥራ ወጣ። ለመቅረቱ ዋናው ምክንያት የምሽቱ ሁሉ መነጋገሪያ ሊሆን የሚገባው የባሕር ሥር ዋሻ ነው።

የዋሻው ታሪክ ከቴክኒክ ይልቅ የፖለቲካ ታሪክ ነው። በ1802 አልበር ማትዩ ፋቪዬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሠረገላ የሚያልፍበት ዋሻ ሐሳብ አቀረበ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ዋትኪን የተባለው የባቡር ባለሀብት ከዶቨር አጠገብ ቁፋሮ አስጀምሮ ማሽኑ ከባሕሩ በታች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ገብቶ ነበር። አፈሩ ተስማሚ ነበር፤ ማሽኑም ሠርቷል። ሥራውን ያስቆመው በለንደን የተነሣው ፍርሃት ነው፤ ጄኔራል ጋርኔት ዎልስሊን የመሰሉ የጦር ሰዎች «በዚህ ቀዳዳ ወራሪ ቢገባስ?» አሉ። በ1975ም ቁፋሮ ተጀምሮ ሳለ የብሪታንያ መንግሥት በገንዘብ ምክንያት ዕቅዱን ሰረዘ። በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን የተነሡት ቆፋሪዎች ታኅሣሥ 1 ቀን 1990 ከባሕር በታች ተገናኙ፤ ግንቦት 6 ቀን 1994 ንግሥት ኤልሳቤጥና ፕሬዚዳንት ሚተራን ዋሻውን መረቁ። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 38 ኪሎ ሜትር ገደማው ከባሕር በታች ይሄዳል።

የዩሮስታር ባቡር በኅዳር 1994 ሥራ ሲጀምር ጉዞው ሦስት ሰዓት ያህል ነበር። በፈረንሳይ ሜዳ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚከንፈው ባቡር በእንግሊዝ በኩል በአሮጌው የኬንት ሐዲድ ላይ ያዘግም ነበር። አዲሱ የእንግሊዝ መስመር በ2007 ተጠናቅቆ መነሻው ወደ ሴንት ፓንክራስ ሲዛወር ጉዞው ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። በዚህን ጊዜ በሁለቱ ከተሞች መካከል በባቡርና በአውሮፕላን ከሚሄደው ሰው ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠውን ባቡሩ ወሰደ። የባልደረባዬ ሻንጣ ምክንያቱን ይነግረናል፦ በአንድ ሰዓት በረራ ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄጃው፣ የፍተሻው ሰልፍ፣ የሻንጣ ጥበቃውና ወደ ከተማ መመለሻው ይደመራል። ባቡሩ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ መሀል ከተማ ይገባል። ለአካባቢ አየር የሚያደርሰው ጉዳትም ከአውሮፕላኑ በእጅጉ ያነሰ ነው። የሌሊት አውቶቡስ ደግሞ አለ፤ ዘገምተኛ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ርካሹ እርሱ ስለሆነ የተማሪው ምርጫ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሠንጠረዣችን በደንብ የሠራ ይመስላል። አሁን ግን የጎደለውን ዓምድ ልጨምር። ያን ጉዞ ሳደርግ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ ብያችኋለሁ። ያልነገርኋችሁ ነገር ለዚያ ጉዞ የሚያስፈልገኝን ቪዛ አምስት ሳምንት መጠበቄን ነው። ብሪታንያ የሸንገን አገር ስላልሆነች የለንደን ቪዛዬ ፓሪስ አያስገባኝም። እንግዲህ የእኔ ጉዞ ስንት ፈጀ? ሁለት ሰዓት ከሩብ ወይስ አምስት ሳምንት? እንደ ሸራ መርከብ ተጓዡ ሁሉ እኔም ወደቡ ላይ ተቀምጬ የነፋሱን መዞር ስጠብቅ ነበር።

ባሕሩ ሲጠፋ ድንበሩ አብሮ አልጠፋም፤ ቦታውን ቀየረ እንጂ። በ1991 የተፈረመው የሳንጋት ፕሮቶኮልና በ2003 የተፈረመው የለ ቱኬ ስምምነት አንዱ አገር በሌላው ምድር ላይ ፓስፖርት እንዲፈትሽ ፈቀዱ፤ አሠራሩ ወደ ተሳፋሪ ባቡር ጣቢያዎችም ተዘረጋ። ስለዚህ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ሰው በፈረንሳይ ፖሊስ የሚፈተሸው ለንደን መሀል፣ ባቡር ከመሳፈሩ በፊት ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ደግሞ የፍተሻው ሰልፍ ረዘመ። የባቡሩ ፍጥነት አልተቀነሰም፤ የተጓዡ ጊዜ ግን ጨመረ።

በዚህ ዓምድ ዋናውን ዋጋ የከፈሉት ግን እንደ እኔ ያሉ ቪዛ ጠባቂዎች አይደሉም። በዋሻው አፍ፣ ካሌ ላይ፣ ከሱዳን፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከኤርትራ፣ ከአገራችንም የመጡ ስደተኞች ለዓመታት በድንኳን ኖረዋል። ሰፈሩ በጥቅምት 2016 እስኪፈርስ ድረስ የእኛው አካባቢ ምእመናን ከእንጨትና ከሸራ የሠሩት የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በመካከሉ ቆሞ ነበር። ባቡሮች ዋሻውን ለማቋረጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃቸዋል። በድንኳኑ ላለው ሰው ግን ያው 33 ኪሎ ሜትር ወራትና ዓመታት ይፈጃል፤ ዋሻው ውስጥ፣ ጭነት መኪና ሥር ወይም ባሕሩ ላይ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። በ1882 ዋሻውን ያስቆመው «ማን ይገባ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ዋሻው ከተሠራ በኋላም ከበሩ አልተነሣም።

ውድ ተማሪዎች፣ ወደፊት በቤተ መዛግብት የጉዞ ሰሌዳ፣ የትኬት ዋጋ ወይም የፍጥነት ክብረ ወሰን ስታገኙ ቁጥሩን በጥንቃቄ መዝግቡ፤ ነገር ግን የማን ሰዓት እንደተቆጠረ ጠይቁ። «ከለንደን ፓሪስ ሁለት ሰዓት ከሩብ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን በሩ ለተከፈተለት ሰው ነው። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ አራተኛውን ዓምድ እጨምራለሁ፤ ርእሱም «ለማን?» የሚል ነው።